ከሪያድ የወጣ ፍርድ ከሚሴ ሲደርስ

ከሚሴ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ከመዲናዋ ወደ 325 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ፣ በአማራ ክልል ያለው የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ዋና ከተማ ናት። በከተማዋም ሆነ በባቲ፣ በሰንበቴ፣ በደዋ ጨፋና በአርጡማ ፉርሲ ገጠሮች፣ ከቤተሰቡ ወይም ከዘመዱ አንድ ሰው ሳዑዲ ዓረቢያ ያልሄደበት ቤት ጥቂት ነው። ሀዋላው ቤት አሠርቷል፣ ልጅ አስተምሯል፣ ሱቅ አስከፍቷል። ከሀዋላው ሌላ ግን የፍርድ ወረቀትም ይመጣል። ሪያድ ላይ የተፈረደ ፍቺ፣ ጅዳ ላይ የተወሰነ የደመወዝ ክፍያ፣ የመኪና አደጋ ካሳ፣ የሟች ወራሾች ዝርዝር ተጽፎበት በሰው እጅ ወይም በስልክ ፎቶ አገር ቤት ይደርሳል። ወረቀቱን የያዘችው እናት ወይም ባለቤት የምትጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይህ ፍርድ እዚህ ይሠራል ወይስ አይሠራም?

ጥያቄው በኢትዮጵያ ሕግ ውስጥ ከተነሣ 60 ዓመት አልፎታል። በእነዚህ ዓመታት ሕጉ የሚለውና ችሎት የሚጠይቀው ተለያይተው ሲሄዱ ታይቷል። ሕጉ በቅድመ ሁኔታ ይፈጸማል ይላል፤ በተግባር ግን «ከዚያ አገር ጋር ስምምነት አለን ወይ?» የሚል ጥያቄ ይቀድማል። ስምምነት ከሌለ መዝገቡ ብዙ አይራመድም። በመካከሉ ሊደመጥ ሲገባው ሳይደመጥ የቆየው የባለሙያ የሕግ አስተያየት ነው። ይኸውም ፍርዱ የወጣበትን አገር ሕግ የሚያውቅ ሰው፣ የዚያ አገር ፍርድ ቤቶች የኢትዮጵያን ፍርድ እንዴት እንደሚያዩ በማስረጃ አስደግፎ የሚሰጠው ቃል ነው። ይህ ዳሰሳ ዓመታቱን ተከትሎ የሚያየው እሱን ነው።

በመጀመሪያ ወረቀቱን ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። ከላይ የፍርድ ቤቱ ስም በዓረብኛ ተጽፏል፤ ሥሩ የመዝገብ ቁጥርና በሂጅራ አቆጣጠር የተጻፈ ቀን ይከተላል፤ አንዳንዴም የፈረንጁ ቀን ጎን ለጎን ተቀምጧል። የባለጉዳዩ ስም በፓስፖርት ላይ ከሰፈረው የእንግሊዝኛ ፊደል ወደ ዓረብኛ የተመለሰ ስለሆነ በቀበሌ መታወቂያ ላይ «ሰይድ» የነበረው «ሰዒድ» ይሆናል፤ የአባትና የአያት ስም ቦታ ይቀያየራል። በደላላ እጅ በተሠራ ፓስፖርት የሄደች ልጅ ከሆነች ዕድሜዋም ስሟም ከመዝገቡ ጋር ላይገጥም ይችላል። አሁን አሁን ፍርዱ የሚወጣው «ናጂዝ» ከተባለው የሳዑዲ ፍትሕ ሚኒስቴር የኢንተርኔት አገልግሎት ነው፤ ሰማያዊ ክብ ማኅተምና በእጅ የተጣለ ፊርማ ማየት ለለመደ ሬጅስትራር ግን ማሽን ያተመው ወረቀት እንግዳ ነው። እንግዲህ የአገር ቤቱ ሲጨመር ጉዳዩ ሦስት የዘመን አቆጣጠርና ሦስት ቋንቋ ተሸክሟል ማለት ነው፤ የብሔረሰብ አስተዳደሩ ፍርድ ቤቶች የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ፣ የክልሉና የፌዴራሉ አማርኛ፣ የፍርዱ ዓረብኛ።

ኢትዮጵያ በውጭ አገር ፍርድ ላይ ጥንቁቅ መሆኗ ያለምክንያት አይደለም። በ1900 ዓ.ም. ከፈረንሳይ ጋር የተፈረመውና በፈረንሳዩ መልእክተኛ በክሎቡኮቭስኪ ስም የሚታወቀው ውል፣ በአገሪቱ የሚኖሩ የውጭ ዜጎች እርስ በርስ ሲካሰሱ በቆንስሎቻቸው እንዲዳኙ፣ ከኢትዮጵያዊ ጋር የሚነሣ ክርክርም ቆንስል በሚገኝበት ልዩ ችሎት እንዲታይ ፈቅዶ ነበር። ሌሎች መንግሥታትም በዚሁ ተጠቅመዋል። በገዛ ምድሯ ላይ የውጭ ዳኝነት ያየች አገር፣ ከጣሊያን ወረራ በኋላ ነጻነቷ ሲመለስ ለውጭ ፍርድ በሯን በጥንቃቄ ብትከፍት ሊፈረድባት አይገባም። የሚያሳዝነው ያ ጥንቃቄ ዛሬ የሚያርፈው በቆንስል በሚዳኝ ነጋዴ ላይ ሳይሆን በጨፋ ሜዳ በምትኖር መበለት ላይ መሆኑ ነው።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሲረቀቅ ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ረኔ ዳቪድ በተለያዩ አገሮች ሕጎች መካከል የሚነሣን ግጭት የሚፈቱ ድንጋጌዎችን አዘጋጅተው ነበር፤ ድንጋጌዎቹ ግን ከጸደቀው ሕግ ውጭ ቀሩ። ክፍተቱ ዛሬም አልተሞላም፤ ረቂቅ ተዘጋጅቶ ያውቃል፣ አዋጅ ሆኖ ግን አልወጣም። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ ያስተምሩ የነበሩት አሜሪካዊ ሮበርት ሴድለር በኢትዮጵያ የሕጎች ግጭት ላይ በ1965 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ ያሳተሙት ይህ ባዶ ቦታ ስለታያቸው ነው። በዚያው ዓመት፣ መስከረም 28 ቀን 1958 ዓ.ም.፣ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ወጣ። ከአንቀጽ 456 እስከ 461 ያሉት ድንጋጌዎቹ በውጭ አገር ስለተሰጡ ፍርዶችና የግልግል ውሳኔዎች አፈጻጸም የሚናገሩ ናቸው፤ ፍርድን የሚመለከቱት እስከ ዛሬም ሥራ ላይ ናቸው።

የሕጉ አቀራረብ አስቸጋሪ አይደለም። ፍርዱ እንዲፈጸምለት የሚፈልግ ሰው በጽሑፍ ያመለክታል፤ ከማመልከቻው ጋር ትክክለኛነቱ የተረጋገጠ የፍርዱን ግልባጭ፣ እንዲሁም ፍርዱ የመጨረሻና ሊፈጸም የሚችል መሆኑን የፈረደው ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ወይም ሬጅስትራር የፈረመበትን ማረጋገጫ ያያይዛል። በአንቀጽ 458 የተዘረዘሩት ቅድመ ሁኔታዎች አምስት ናቸው። የኢትዮጵያ ፍርድ በዚያ አገር እንዲፈጸም የሚፈቀድ መሆን አለበት፤ ፈራጁ ፍርድ ቤት በሕግ የተቋቋመ፣ ፍርዱ የተሰጠበት ሰው ቀርቦ ለመከላከል ዕድል ያገኘ፣ ፍርዱ የመጨረሻ የሆነ፣ አፈጻጸሙም የአገሪቱን የሕዝብ ጸጥታና መልካም ጠባይ የማይቃረን ሊሆን ይገባል። ከሁለተኛው እስከ አምስተኛው ያሉት በአብዛኛው ከሰነዱ ላይ የሚታዩ ናቸው። ጣጣው ያለው የመጀመሪያው ላይ ነው። ጠበቆች ሬሲፕሮሲቲ የሚሉት የአጸፋ መርህ እሱ ነው፤ አንተ የእኔን ካከበርክ እኔም ያንተን አከብራለሁ ነው ነገሩ።

ድንጋጌው «የኢትዮጵያ ፍርድ በዚያ አገር እንዲፈጸም የሚፈቀድ እንደሆነ» በሚል መንፈስ ተጻፈ እንጂ «ስምምነት የተፈረመ እንደሆነ» አላለም። ስምምነትን በተመለከተ ሕጉ የሚናገርበት ሌላ ቦታ አለው፤ ዓለም አቀፍ ስምምነት በተለየ ሁኔታ ካልደነገገ በቀር የምዕራፉ ሥርዓት ይሠራል ይላል። ስለዚህ ምዕራፉ የተጻፈው ስምምነት በሌለበት ጊዜ እንዲያገለግል ነው። ችሎቶቻችን ግን ወደ ሌላ አቅጣጫ አዘነበሉ። በሕግ ትምህርት ቤቶች ፓፓሲኖስ በሚል ስም በሚታወቀው መዝገብ፣ ግሪክ አገር የተሰጠ ፍርድ እንዲፈጸም ሲጠየቅ፣ በሁለቱ አገሮች መካከል የፍትሕ ትብብር ስምምነት የለም ተብሎ ጥያቄው ወደቀ። ከዚያ በኋላ «ስምምነት አምጣ» የሚለው ጥያቄ የሕጉን ቃል ተክቶ የቆመ ይመስላል። ተክለ ሐጎስ ባሕታ በ2011 እ.ኤ.አ. በሚዛን የሕግ መጽሔት ላይ ባወጡት ጥናት ይህን አተረጓጎም ተችተዋል። እኔም ከእሳቸው ወገን ነኝ። ሕግ አውጪው ያልጠየቀውን ነገር ዳኛ ከባለጉዳይ ሊጠይቅ አይገባም፤ ያውም ባለጉዳዩ በምንም መንገድ ሊያመጣው የማይችለውን ነገር። ስምምነት የሚፈርመው መንግሥት ነው። የአርጡማ ገበሬ ከሳዑዲ ጋር ስምምነት ሊፈራረም አይችልም።

ገበሬው ሊያመጣ የሚችለው የባለሙያ የሕግ አስተያየት ነው። በሌላው ዓለም ይህ አዲስ ነገር አይደለም። በእንግሊዝ ፍርድ ቤቶች የውጭ አገር ሕግ እንደማንኛውም ፍሬ ነገር በማስረጃ ይረጋገጣል፤ ዋናው ማስረጃም የዚያን አገር ሕግ የሚያውቅ ባለሙያ በጽሑፍ የሚያቀርበውና ሲፈለግም በመስቀለኛ ጥያቄ የሚፈተንበት ቃል ነው። ጀርመን ውስጥ ደግሞ ኃላፊነቱ የዳኛው ነው፤ የውጭውን ሕግ ራሱ አጣርቶ ማወቅ ስላለበት እንደ ሀምቡርጉ የማክስ ፕላንክ ተቋም ካሉ የምርምር ማዕከላት አስተያየት ይጠይቃል። የአውሮፓ አገሮች በ1968 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ በፈረሙት ስምምነት አንዱ አገር ለሌላው የሕጉን ይዘት በጽሑፍ እንዲያሳውቅ ተስማምተዋል። መንገዱ ይለያይ እንጂ ሁሉም አንድ ነገር ያምናሉ፤ ዳኛ የሰው አገር ሕግ ከራሱ አፍልቆ አያውቅም፣ የሚያውቅ ሰው ሊነግረው ይገባል። የእኛ ዳኛ የሐኪም ቦርድ ማስረጃ ይቀበላል፣ የመሐንዲስ ግምት ይቀበላል፣ የጽሑፍ ምርመራ ውጤት ይቀበላል። የሳዑዲን የአፈጻጸም ሕግ ጠንቅቆ ከሚያውቅ ጠበቃ የተጻፈ አስተያየት ሲቀርብለት ማስረጃ ነው ብሎ የማይመዝንበት ምክንያት የለም።

የፌዴራል ሥርዓት ከመጣ በኋላ ጉዳዩ ሌላ ገጽታ ያዘ። የፌዴራል ፍርድ ቤቶችን ያቋቋመው አዋጅ ቁጥር 25/1988 በውጭ አገር የተሰጠ ፍርድ ይፈጸምልኝ የሚል ጥያቄን ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሰጠ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 መሠረት የክልል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤትን ሥልጣን በውክልና ይሠራል። በሌላ አነጋገር፣ ለከሚሴ ሰው የሚቀርበው የወረዳው ወይም የዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይህን ጉዳይ አያይም። አቤቱታው የሚቀርበው በውክልና ለክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው፤ ይግባኝ ካለ ደግሞ አዲስ አበባ፣ ፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት። በወረዳው በቋንቋው መዳኘት የለመደ ሰው ወደማያውቀው ችሎት፣ በአስተርጓሚ፣ ያውም የመጓጓዣና የማረፊያ ወጪ ችሎ ይሄዳል ማለት ነው። የፍርዱ ገንዘብ የጥቂት ወራት የቤት ሠራተኛ ደመወዝ ከሆነ ወጪው ከሚያስገኘው ይበልጣል፤ ብዙ ሰው መብቱን ትቶ የሚቀመጠው እዚህ ላይ ነው።

አንዳንዱ ወረቀቱን ይዞ ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ነገሩ ይገባል። ሳዑዲ ላይ የፈረደው ዳኛ በሸሪዓ ነው የፈረደው፤ ቃዲውም በሸሪዓ ይፈርዳል። የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች በመንግሥት ሕግ ከታወቁ ሰንብተዋል፤ የናኢባና የቃዲዎች ምክር ቤት አዋጅ ቁጥር 62 የወጣው በ1936 ዓ.ም. ነው፣ የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶችን ያጠናከረው አዋጅ ቁጥር 188 ደግሞ በ1992 ዓ.ም.። ሆኖም ሁለት ነገር መታወቅ አለበት። አንደኛ፣ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 መሠረት ቃዲ የሚዳኘው ተከራካሪዎች ሲስማሙ ነው። ሁለተኛ፣ የውጭ ፍርድን የማስፈጸም ሥልጣን የሱ አይደለም። ሁለቱም ወገኖች ፈቅደው ከቀረቡ ግን ጉዳዩን እንደ አዲስ ሰምቶ፣ የሳዑዲውን ወረቀት ከማስረጃዎቹ አንዱ አድርጎ የራሱን ውሳኔ ሊሰጥ ይችላል። በስምምነት ለሚያልቅ የፍቺና የውርስ ጉዳይ ይህ መንገድ አጭርና ርካሽ ነው። በወሎ ገጠር ደግሞ አበጋሮችና የአገር ሽማግሌዎች አሉ፤ ዛሬ ሽምግልናው ግማሹ ሰው ጅዳ፣ ግማሹ ሰው ከሚሴ ሆኖ በስልክም ይካሄዳል። ሽማግሌ ግን የባንክ ሒሳብ አያስከፍትም፣ የቤት ካርታ ስም አያዛውርም። ንብረት ሲነካ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ግድ ነው።

ሁኔታውን ከምንጊዜውም በላይ ያከበደው ስደቱ ነው። በ2006 ዓ.ም. መንግሥት ወደ መካከለኛው ምሥራቅ የሚደረግ የሥራ ጉዞን አገደ፤ ወዲያው ኅዳር ላይ ሳዑዲ ሰነድ የሌላቸውን ማስወጣት ጀመረች፣ በጥቂት ወራት ውስጥም ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ተመለሱ። በጅቡቲዋ ኦቦክ በኩል በባሕር፣ በየመን አሸዋ የሄደ ወጣት በአንድ ሌሊት ቦሌ ላይ ሲራገፍ ከኋላው የቀረው ያልተከፈለ ደመወዝ፣ ያልተቋጨ ክስ፣ አንዳንዴም የተፈረደለት ግን ያልደረሰው ገንዘብ ነበር። በኋላ አዋጅ ቁጥር 923/2008 ወጣ፤ በ2009 ዓ.ም. ከሳዑዲ ጋር የሥራ ስምሪት ስምምነት ተፈረመ፤ እገዳውም በ2010 ዓ.ም. ተነሣ። ይህ ሁሉ ስለ ቅጥር፣ ስለ ኤጀንሲ፣ ስለ ኢንሹራንስ ነው። አንዱ አገር የፈረደው በሌላው አገር እንዴት ይፈጸማል የሚለው ጥያቄ አሁንም በ1958ቱ ሕግ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው።

ሳዑዲ በበኩሏ ምን ትላለች? በ2012 እ.ኤ.አ.፣ በእነሱ አቆጣጠር በ1433፣ በንጉሣዊ ድንጋጌ ቁጥር ም/53 የአፈጻጸም ሕግ አወጣች። ከዚያ በፊት የውጭ ፍርድ የሚቀርበው ዲዋን አል-መዛሊም ለሚባለው የአቤቱታ ፍርድ ቤት ነበር፤ በአዲሱ ሕግ ለአፈጻጸም ዳኛ ተሰጠ። የሕጉ አንቀጽ 11 የውጭ አገር ፍርድ የሚፈጸመው በአጸፋ መርህ ሲሆን ነው ይላል፤ ከዚያም ተከራካሪዎች መጠራታቸውን፣ ፍርዱ የመጨረሻ መሆኑን፣ የሳዑዲ ፍርድ ቤት ሥልጣን የሆነውን ጉዳይ አለመንካቱን፣ እዚያው ከተሰጠ ፍርድ ጋር አለመጋጨቱን፣ የአገሪቱን ሥርዓት አለመቃረኑን ይጠይቃል። ከእኛ አንቀጽ 458 ጋር ወንድማማች ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የዓረብ አገሮች በ1983 እ.ኤ.አ. ሪያድ ላይ በፈረሙት የፍትሕ ትብብር ስምምነት እርስ በርስ ፍርድ ይፈጻጸማሉ፤ ኢትዮጵያ የዚያ ማኅበር አባል አይደለችም።

ሁለት ጎረቤታሞች አንዱ ሌላውን «አንተ ቀድመህ ግባ» እየተባባሉ ደጅ ላይ ቢቆሙ ሁለቱም ሳይገቡ ይመሻል። የእኛና የሳዑዲ ሕግ እንዲሁ ነው የቆመው። ሳዑዲ ኢትዮጵያ ትፈጽም እንደሆነ ትጠይቃለች፤ ኢትዮጵያ ሳዑዲ ትፈጽም እንደሆነ ትጠይቃለች። ከሁለቱ አንዱ መጀመር አለበት።

ጅማሮ ከየት እንደሚመጣ ያሳዩ አገሮች አሉ። እንግሊዝና የተባበሩት ዓረብ ኤሚሬትስ በዚህ ላይ ስምምነት የላቸውም። በ2021 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ሌንኮር በተባለው መዝገብ የዱባይን ፍርድ እንዲፈጸም አጸደቀ። በዓመቱ፣ መስከረም 2022 እ.ኤ.አ.፣ የኤሚሬትስ ፍትሕ ሚኒስቴር ለዱባይ ፍርድ ቤቶች ደብዳቤ ጻፈ፤ እንግሊዝ የእኛን ፍርድ ስለፈጸመች የአጸፋው ሁኔታ ተሟልቷል፣ እናንተም የእነሱን ፈጽሙ የሚል። ቻይናም ለረጅም ጊዜ ያለ ስምምነት አልፈጽምም ስትል የቆየች አገር ናት። በ2014 እ.ኤ.አ. ሲንጋፖር አንድ የቻይና ፍርድ ፈጸመች፤ በ2016 የናንጂንግ ፍርድ ቤት ያንን ጠቅሶ የሲንጋፖርን ፍርድ ተቀበለ፤ በ2022 ደግሞ የቻይና ጠቅላይ የሕዝብ ፍርድ ቤት የዚያ አገር ሕግ የቻይናን ፍርድ ለመፈጸም የሚፈቅድ ከሆነ ይበቃል ወደሚል መመሪያ ተሻገረ። ከኋላቸው ያለው ታሪክም ረጅም ነው፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1895 እ.ኤ.አ. ሂልተን በተባለው መዝገብ ፈረንሳይ የእኛን አታከብርም ብሎ የፈረንሳይን ፍርድ አልቀበልም ቢልም፣ ዛሬ አብዛኞቹ የአሜሪካ ግዛቶች አጸፋን ጨርሶ አይጠይቁም።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ ለእኛ ትልቅ ትርጉም አለው። የእንግሊዝ ፍርድ ቤት የገንዘብ ፍርድን ለመፈጸም አጸፋ አይጠይቅም፤ ባለመብቱ የውጭውን ፍርድ እንደ ዕዳ ይዞ ይከሳል፣ ፈራጁ ፍርድ ቤት በተከሳሹ ላይ ሥልጣን እንደነበረውና ፍርዱ የመጨረሻ እንደሆነ ካሳየ ይፈረድለታል። ይህን አንድ የለንደን ጠበቃ በጥቂት ገጽ ጽፎ ቢፈርምበት፣ አንቀጽ 458 የሚጠይቀው የመጀመሪያው ሁኔታ ተሟልቷል ማለት ነው። የኢትዮጵያ ፍርድ እዚያ እንዲፈጸም ይፈቀዳልና። አጸፋ ከማይጠይቁት የአሜሪካ ግዛቶች ለሚመጣ የገንዘብ ፍርድም እንዲሁ። ስምምነት ፈልጎ ፋይል መዝጋት ሳያስፈልግ የባለሙያውን ቃል መዝኖ መወሰን ይቻላል። ጎረቤታችን ኬንያ በሌላ መንገድ ሄዳለች፤ ፍርዳቸውን የምትፈጽምላቸውን አገሮች በስም ዘርዝራ በሕግ አስፍራለች። ዝርዝሩ ውስጥ ታንዛንያ፣ ዩጋንዳና ሩዋንዳ አሉበት፤ ኢትዮጵያ የለችበትም።

በእኛ አገር ትልቁ እርምጃ የተወሰደው በንግዱ መስክ ነው። በውጭ አገር የተሰጡ የግልግል ውሳኔዎችን ስለማወቅና ስለመፈጸም በ1958 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ላይ የወጣውን ስምምነት ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 1184/2012 አጽድቃ 165ኛ አባል ሆነች፤ በ2013 ዓ.ም. ኅዳር ወርም በአገሪቱ ላይ መጽናት ጀመረ። ተከትሎም አዋጅ ቁጥር 1237/2013 የግልግልና የእርቅ ሥርዓትን ደነገገ። መልካም ሥራ ነው፤ ኢንቬስተሩ እምነት አግኝቷል። ነገር ግን ልዩነቱን ማየት ይገባል። ፓሪስ ላይ በግልግል ዳኛ የተወሰነለት ኩባንያ ዛሬ የአጸፋ ማስረጃ ሳይጠየቅ ወደ ኢትዮጵያ ፍርድ ቤት ይመጣል። ጅዳ ላይ በመደበኛ ፍርድ ቤት የተፈረደላት የቤት ሠራተኛ ግን የ1958 ዓ.ም. ሕግ ላይ ቀርታለች። መንግሥት ለነጋዴው የከፈተውን በር ለሠራተኛዋ አልከፈተም። ፍርድን የሚመለከተው የሄግ ስምምነት በ2019 እ.ኤ.አ. ተዘጋጅቶ በመስከረም 2023 ሥራ ላይ ሲውል ኢትዮጵያ ከአባላቱ መካከል አልነበረችም።

እዚህ ላይ አንድ ስጋት መነሣቱ አይቀርም፤ ሊነሣም ይገባል። የውጭ ፍርድ ሁሉ ዝም ብሎ ቢፈጸም የሚጎዳ ሰው አለ። ባል ሳዑዲ ተቀምጦ ፍቺ አስፈርዶ፣ ሚስት ከሚሴ ላይ መጥሪያ ሳይደርሳት፣ ልጅና ቤት ላይ ሊወሰን ይችላል። አንቀጽ 458 ቀርቦ ለመከላከል ዕድል ያላገኘ ሰው ላይ የተሰጠ ፍርድ አይፈጸም ያለው ለዚህ ነው፤ ማመልከቻው ሲቀርብም ፍርዱ የሚፈጸምበት ሰው አስተያየቱን እንዲያቀርብ ፍርድ ቤቱ ዕድል መስጠት አለበት። ይህ ጥበቃ በምንም ዓይነት መላላት የለበትም። እንዲያውም ጥሩ የባለሙያ አስተያየት እዚህ ላይ ለሚስትም ይጠቅማታል፤ የዚያ አገር ሕግ መጥሪያ እንዴት ይደርሳል እንደሚል፣ የተባለው መንገድ ተከብሮ እንደሆነ በግልጽ ያሳያል። የወሎ ቃዲዎች የቆዩበት የሻፊዒና የሐነፊ መዝሀብ ከሳዑዲው ሐንበሊ በዝርዝር የሚለይባቸው ቦታዎች ስላሉ፣ ሳዑዲም የቤተሰብ ሕጓን በአንቀጽ ጽፋ ያወጣችው በ2022 እ.ኤ.አ. ስለሆነ፣ «ሸሪዓ ሸሪዓ ነው» ብሎ ማለፍ አይቻልም። የሚያውቅ ሰው ማስረዳት አለበት።

አስተያየት ሁሉ ግን አስተያየት አይደለም። «የእኛ አገር የውጭ ፍርድ ይፈጽማል» ብሎ በሁለት መስመር የሚያበቃ ደብዳቤ ዳኛን አያሳምንም፤ ሊያሳምንም አይገባም። ጸሐፊው ማን እንደሆነ፣ በዚያ አገር ለመቆም ፈቃድ ያለው ስለመሆኑ፣ ከተከራካሪዎቹ ጋር ምን ግንኙነት እንዳለው መግለጽ አለበት። ሕጉን በቁጥርና በአንቀጽ ጠቅሶ ዋናውን ጽሑፍና ትርጉሙን ማያያዝ አለበት። የኢትዮጵያ ፍርድ እዚያ ተፈጽሞ የሚያውቅ ከሆነ መዝገቡን ይጠቅሳል፤ ካልተፈጸመም ይህንኑ ሳይደብቅ ሕጉ ቢጠየቅ ይፈቅድ እንደሆነ ያስረዳል። ለደንበኛው የማይመቸውን ነጥብ የዘለለ አስተያየት በመጀመሪያው የመስቀለኛ ጥያቄ ይፈርሳል፤ ከእሱ ጋር የደንበኛው ጉዳይም ይፈርሳል።

የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም ከአዋጅ ቁጥር 454/1997 ጀምሮ በየደረጃው ባሉ ፍርድ ቤቶች ላይ አስገዳጅ ነው። ስለዚህ ከባሕር ዳርም ይምጣ ከልደታ፣ አንድ በሚገባ የተዘጋጀ መዝገብ እዚያ ደርሶ «አንቀጽ 458 ስምምነትን አይጠይቅም፤ የውጭ ሕግ በባለሙያ ቃል ይረጋገጣል» ቢባል ለአገሪቱ ሁሉ ይበቃል። ፍትሕ ሚኒስቴርና ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ደግሞ ከሳዑዲ ጋር ስለ ቅጥር በተነጋገሩበት ጠረጴዛ ላይ ስለ ፍርድ አፈጻጸም ሊነጋገሩ ይገባል፤ የሚልኩት ሰው እንጂ ጉልበት ብቻ አይደለምና። የሕግ ፋኩልቲዎቻችንም የዓረብ አገሮችን ሕግ የሚያውቁ መምህራን ሊያፈሩ ይገባል፤ ዜጎቻችን በብዛት የሚኖሩበትን አገር ሕግ ከአውሮፓ ሕግ አሳንሶ ማወቅ አያዋጣም።

ለቤተሰቦችና ለጠበቆች የምለው ይህ ነው። ሳዑዲ ላይ ፍርድ ያገኘ ሰው ከዚያ አገር ሳይወጣ፣ ወይም ወኪሉ እዚያው እያለ፣ የፍርዱን ሙሉ ግልባጭ፣ የመጨረሻ መሆኑን የሚያሳይ ማረጋገጫ፣ ሌላው ወገን መጥሪያ እንደደረሰው የሚያሳይ ወረቀት ይያዝ፤ ከናጂዝ የወጣም ቢሆን በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በኩል ያረጋግጥ። በፓስፖርትና በመታወቂያ መካከል የስም ልዩነት ካለ ሁለቱም ስም የአንድ ሰው መሆኑን የሚገልጽ ማስረጃ አስቀድሞ ያውጣ። ትርጉሙን በፈቃድ የሚሠራ አስተርጓሚ ይሥራው። ጠበቃውም ማመልከቻውን ሲያስገባ የዚያ አገር የሕግ ባለሙያ አስተያየት አብሮ ያያይዝ፤ ችሎት «ስምምነት አለ ወይ?» ብሎ ሲጠይቅ ሕጉ የሚጠይቀው ይህ እንዳልሆነ አንቀጹን ከፍቶ ያሳይ፣ ካልተቀበሉትም ይግባኝ ይበል፣ ሰበር ድረስ ይሂድ።